የ1970ዎቹን ማስተር ኦፍ ኩንግ ፉ ማንበብና መሰብሰብ፦ ከመሃሉ ጀምራችሁ ወደ ውዱ የምትሄዱበት መመሪያ

የድሮ ኮሚክ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ውዱ እትም የቱ ነው?" ብሎ ነው። ማስተር ኦፍ ኩንግ ፉ በሚባለው የአሜሪካው ማርቭል ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ጉዳይ ይሄ ጥያቄ ኪስ ያራቁታል። የዚህ ኮሚክ ውድ እትም አንድ ቦታ ነው፣ ምርጦቹ ሌላ ቦታ። ውዱ መጀመሪያ ላይ ነው። ምርጦቹ መሃልና መጨረሻ አካባቢ ናቸው፣ ብዙዎቹም እስከ ዛሬ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ስለዚህ የእኔ ምክር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ መጀመሪያ አንብቡ፣ ቀጥሎ መሃሉን ግዙ፣ ውዱን መጨረሻ ላይ አቆዩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ

በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ሰው ብሩስ ሊን የሚያስተዋውቀው አያስፈልገውም። ብሩስ ሊ በጁላይ 1973 ሲሞት አሜሪካ በኩንግ ፉ አብዳ ነበር። ሲኒማውም ቴሌቪዥኑም እሱን ነው የሚያወራው። ማርቭል ኮሚክስ ከዚህ ገበያ መቅረት አልፈለገም። በጊዜው በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የኩንግ ፉ ድራማ ወደ ኮሚክ ለመቀየር ፈልጎ ነበር፣ ግን የድራማው ባለቤት ዋርነር ነው፣ ዋርነር ደግሞ የተፎካካሪው የዲሲ ኮሚክስም ባለቤት። ማን ይፈቅድለታል?

ስለዚህ ጸሐፊው ስቲቭ ኢንግልሃርትና ሠዓሊው ጂም ስታርሊን የራሳቸውን ሰው ፈጠሩ፦ ሻንግ-ቺ። ማርቭል ፉ ማንቹ የሚባለውን የእንግሊዛዊው ደራሲ የሳክስ ሮመርን ክፉ ገጸ ባህሪ ለመጠቀም ፈቃድ ስለነበረው፣ ሻንግ-ቺ የፉ ማንቹ ልጅ ሆነ። አባቱን ቅዱስ ሰው አድርጎ ሲያይ ያደገ ልጅ ነው። ሰው እንዲገድል ይላካል፣ ሄዶ ይፈጽማል፣ ከዚያ የአባቱን ማንነት ሲያውቅ በአባቱ ላይ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ዓመት ሙሉ የአባትና የልጅ ጠብ ነው፣ በመሃል የእንግሊዝ ሰላዮች እየገቡበት።

ይሄ የፈቃድ ነገር የሕግ ወሬ ቢመስልም ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው። ኮሚኩ በ1983 ሲያበቃ ማርቭል የፉ ማንቹን ፈቃድ አጣ፣ በዚህም ምክንያት የድሮዎቹን እትሞች እንደገና አትሞ መሸጥ አልቻለም። ለሠላሳ ዓመት ያህል ታሪኩን ማንበብ የፈለገ ሰው ኦሪጅናሎቹን ከመፈለግ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሌሎች የማርቭል ኮሚኮች በየጊዜው በጥራዝ ሲታተሙ ይሄኛው በአሮጌ ሳጥኖች ውስጥ ተቀበረ። ዛሬ በሳጥን ውስጥ የምታገኙት ቅጂ ደጋግሞ የተነበበ፣ ጠርዙ የላላ የሆነው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ፉ ማንቹ እስያውያንን የሚያዋርድ የቆየ ዘረኛ ምስል ነው። ኮሚኩ ደግሞ በቀለም አቀባቡ ባሰበት፦ የቻይናውያኑን ቆዳ ቢጫና ብርቱካናማ እያደረገ ያትመው ነበር። በዚያን ጊዜ እንኳን ቻይናዊ-አሜሪካዊ አንባቢዎች ደብዳቤ ጽፈው ተቃውመዋል፣ ደብዳቤዎቹም እዚያው መጽሔቱ የደብዳቤ ገጽ ላይ ወጥተዋል። ኦሪጅናሉን ስትገዙ እነዚያን ገጾች አትዝለሏቸው።  ማርቭል ራሱ በኋላ የአባትየውን ስም ዠንግ ዙ ብሎ ቀይሮታል፣ በ2021 ፊልም ላይ ደግሞ ዌንዉ የሚባል ሌላ ሰው ሆኗል።

ቁጥሩ እንዳያደናግራችሁ

ጀማሪ "ቁጥር 1 አለህ?" ብሎ ይጠይቃል። የለም። ኖሮም አያውቅም። ሻንግ-ቺ የጀመረው ስፔሻል ማርቭል ኤዲሽን በሚባል መጽሔት ቁጥር 15 ላይ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ዲሴምበር 1973 ይላል። ይሄ መጽሔት ከዚያ በፊት የቶርንና የሳጅን ፊዩሪን የድሮ ታሪኮች እየደገመ የሚያትም ነበር፣ ስለዚህ ከ1 እስከ 14 ያሉት ከኩንግ ፉ ጋር ምንም አያገናኛቸውም። ሻጭ "የሻንግ-ቺ ቀዳሚ ቁጥሮች" ብሎ እነሱን ሊሸጥላችሁ ቢሞክር ሳቁበት። ከቁጥር 17፣ ኤፕሪል 1974 ጀምሮ የመጽሔቱ ስም ማስተር ኦፍ ኩንግ ፉ ሆነ፣ ቁጥሩ ግን ቀጠለ። መጨረሻው ቁጥር 125 ነው፣ ጁን 1983።

ስለዚህ ሙሉውን ለመሰብሰብ የሚያስፈልጉት ከ15 እስከ 125 ያሉ 111 እትሞች፣ ጃየንት ሳይዝ የሚባሉ 4 ወፍራም እትሞች፣ እና አንድ የ1976 ዓመታዊ እትም ናቸው። ድምር 116። ማርቭል በ2017 "ቁጥር 126" ብሎ አንድ ብቸኛ እትም አውጥቷል፣ የጻፈውም ትግለኛው ሲኤም ፐንክ ነው። ለጨዋታ ያህል ይገዛል እንጂ የድሮው ስብስብ አካል አይደለም።

ሽፋኑ ላይ ያለው ወር መጽሔቱ ለሽያጭ ከወጣበት ወር ሁለት ሦስት ወር የሚዘገይ መሆኑንም ልብ በሉ። ዲሴምበር የሚለው በሴፕቴምበር አካባቢ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሻጮች አርጅቷል ብለው ቶሎ ከመደርደሪያ እንዳያወርዱት ወደፊት ያለ ወር ያትሙ ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ

የፈቃዱ ችግር ተፈትቶ ከ2016 ጀምሮ ማርቭል ሙሉ ተከታታዩን በአራት ወፋፍራም ኦምኒበስ ጥራዞች አሳተመ። ቀጥሎም ኤፒክ ኮሌክሽን የሚባሉ ቀለል ያሉ ጥራዞች መጡ። አሜሪካ ያላችሁ መጀመሪያ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፣ እነሱ ጋ ባይኖር እንኳን ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ያስመጡላችኋል። በነፃ።

ለምን መጀመሪያ ማንበብ? ጣዕማችሁን ሳታውቁ 116 እትም ማሳደድ ስለማያዋጣ። አንዳንዱ ሰው የስለላውን ታሪክ ይወዳል፣ አንዳንዱ ድብድቡን፣ አንዳንዱ የአባትና የልጁን ጣጣ። ሁሉንም መግዛት ግዴታ አይደለም። እኔ ብጠየቅ አንድን ሠዓሊ መርጦ የእሱን እትሞች አሟልቶ መያዝ፣ ሁሉንም ቁጥር በተጎዳ ሁኔታ ከማግበስበስ ይሻላል እላለሁ።

ዓይናችሁን አሠልጥኑ

የዚህ ኮሚክ ጌጡ ሠዓሊዎቹ ናቸው። ጸሐፊው ዳግ ሞንች ከ20ዎቹ ቁጥሮች መጀመሪያ አንስቶ እስከ ማብቂያው አካባቢ ድረስ ጽፎታል፣ ለአንድ ተከታታይ ይሄ ረጅም ዕድሜ ነው። ሠዓሊዎቹ ግን ተቀያይረዋል፣ ሲቀያየሩም መጽሔቱ ሌላ መጽሔት ይሆናል።

ፖል ጉላሲ በቁጥር 18 መጣ። መጀመሪያ ላይ ገና ልጅ ነው፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ቁጥር 18ን እና ቁጥር 50ን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ አንድ ሰው የሳላቸው አይመስሉም። በየመሃሉ ሌላ ሠዓሊ እየተካ ስለሚገባ የሱ ስም መኖሩን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አረጋግጡ። ከ29 እስከ 31፣ ከ33 እስከ 35፣ 38 እና 39፣ በተለይ ደግሞ ከ42 እስከ 50 ያሉትን ፈልጉ።

ጉላሲ እንደ ፊልም ዳይሬክተር ነው የሚያስበው። ሻንግ-ቺን በብሩስ ሊ መልክ ሳለው። ላርነር የሚባለውን ሰላይ ደግሞ ማርሎን ብራንዶን አደረገው። ክላይቭ ሬስተን የሚባለው እንግሊዛዊ ሰላይ ስለ አባቱና ስለ ታላቅ አጎቱ የሚጥላቸውን ፍንጮች ያስተዋለ አንባቢ የእነማን ዘመድ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ አንደኛው ታዋቂ ሰላይ ነው፣ ሌላኛው ታዋቂ መርማሪ። ስማቸው ግን አይጠራም፣ መብቱ የሌላ ነውና።

ቁጥር 38 እና 39ን እንውሰድ። ሻንግ-ቺ ሆንግ ኮንግ ሄዶ ድመት ከሚባል ሰው ጋር ይገጥማል። ይህ ሰው ጠላት ነው ለማለት ይከብዳል። በችሎታም በክብርም እኩያው ነው፣ ነገሩን የሚያሳዝነውም ይሄው ነው። ድብድቡን ስታዩ ፊደሉን ለጊዜው ተዉትና ሥዕሉን ብቻ ተከተሉ። የእግሩን አቅጣጫ፣ የጥላውን ቦታ፣ አንዱ ክፈፍ (ገጹ የተከፋፈለበት ሳጥን) ሲጠብ ቀጣዩ እንዴት እንደሚሰፋ እዩ። ጠባቡ ክፈፍ ፈጣን ነው፣ ሰፊው ዝግ ይላል። ሌሎች የዘመኑ ኮሚኮች አንድ ቡጢ ባሳዩ ቁጥር ትልቅ የድምፅ ፊደል ይለጥፉበት ነበር። ጉላሲና ሞንች ብዙ ቦታ ዝም ይላሉ።

ከ45 እስከ 50 ያለው ደግሞ የጉላሲ ስንብት ነው። ከፉ ማንቹ ጋር የሚደረገው ጦርነት በየእትሙ በተለያየ ሰው አንደበት ይተረካል። አንዱን ሻንግ-ቺ ያወራዋል፣ አንዱን ሬስተን፣ አንዱን ሰላይዋ ሌይኮ ዉ፣ እያለ እያለ የመጨረሻውን ራሱ ፉ ማንቹ ያወራዋል። በ1976 እና በ1977 ለአንድ የሠላሳ ሳንቲም መጽሔት ይሄ ድፍረት ነበር። አንድ ተከታታይ ክፍል ብቻ ግዙ ብባል እነዚህን ስድስቱን ነው የምለው፣ እነሱም ውድ አይደሉም።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ መንገዱ ይወላገዳል። ማይክ ዜክ መጥቶ ያቃናዋል፣ እስከ ቁጥር 101 ድረስ። የዜክ ሥዕል ንጹሕና ጠንካራ ነው። ደጋፊ አለው። እኔ ግን ከሱ ቀጥሎ ወደመጣው ሰው ልለፍ።

ካናዳዊው ጂን ዴይ መጀመሪያ የዜክን የእርሳስ ሥዕል በቀለም የሚጨርስ ነበር፣ ከ102 ጀምሮ ሙሉውን ያዘው። ብዙ ሰብሳቢ እዚህ ሳይደርስ ይሰለቻል፣ በዚህም የዴይ እትሞች ዋጋ ከሥራው በታች ነው። የዴይን ገጽ ስትከፍቱ እንዲህ አድርጉ፦ መጽሔቱን ክንድ ያህል አርቁት። ከርቀት አንድ ትልቅ ሥዕል ታያላችሁ፣ አዳራሽ ወይም ደረጃ ወይም ቤተ መቅደስ። አሁን አቅርቡት። ያ አንድ ሥዕል በቀጭን መስመሮች ተቆራርጦ ብዙ ክፈፍ ሆኗል፣ ሻንግ-ቺም በየክፈፉ አለ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በአዳራሹ ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ቦታው አይንቀሳቀስም፣ ሰውየው ነው የሚንቀሳቀሰው። የምንጣፉን ጥለትና የዓምዱን ቅርጽ እያንዳንዷን በእጁ ነው ያስገባት። በየወሩ በሚወጣ መጽሔት ላይ ይሄን ያህል መልፋት ጤናማ አልነበረም። ዴይ በሴፕቴምበር 1982 በ31 ዓመቱ ሞተ። ቁጥር 118 ላይ የአባትና የልጁ ጉዳይ ይቋጫል። ያን እትም እሱ ነው የሳለው።

የእትሙን ሁኔታ መመርመር

እዚህ ላይ ቸኩላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። የ1970ዎቹ ኮሚክ ውስጡ የጋዜጣ ወረቀት ነው። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ዱቄት ስለሚሠራ አሲድ አለው፣ በብርሃንና በሙቀት ይጠቁራል፣ ከዚያ ይሰባበራል። ሽፋኑ ብቻ ነው የሚያብለጨልጨው። ስለዚህ ሽፋኑ አምሮ ውስጡ የሞተ እትም ሞልቷል።

ቅጂው በእጃችሁ ከገባ መጀመሪያ አሽትቱት። የድሮ ወረቀት ሽታ ችግር የለውም፣ የሻጋታ ሽታ ካለው ግን መልሱት። ሻጋታ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። ቀጥሎ የሽፋኑን መታጠፊያ በብርሃን ስር ዘንበል አድርጋችሁ እዩ። ትንንሽ ነጭ ጭረቶች ይታያሉ፣ እነዚህ ቀለሙ የተሰበረባቸው ቦታዎች ናቸው። ሁለት ሦስት ቢኖሩ ለንባብ ቅጂ ምንም አይደለም፣ ሻጩ "እንደ አዲስ ነው" ካለ ግን ውሸት ነው። ከዚያ ሁለቱን የስቴፕለር ሽቦዎች ተመልከቱ። ዝገት አለ? ሽፋኑ ከሽቦው ተላቋል? መሃል ላይ ያለው ሉህ ሁለቱንም ሽቦ ይዟል ወይስ ላልቷል?

አሁን ገጽ ቁጠሩ። ተራው እትም ከሽፋኑ ውጪ 32 ገጽ መሆን አለበት። ይሄን የማያደርግ ገዢ አለ፣ ቤቱ ሄዶ ነው ማስታወቂያ ገጽ እንደተቀደደ የሚያየው። ከሁሉም በላይ የደብዳቤ ገጹን ፈልጉ። ማርቭል በ1974ና በ1975 አካባቢ እዚያ ገጽ ላይ ቫልዩ ስታምፕ የሚባል ትንሽ ቴምብር መሰል ሥዕል ያትም ነበር፣ ልጆች እየቆረጡ በአልበም እንዲለጥፉት። ልጆቹም ቆረጡ። ለስብስባቸው ጥሩ ነው፣ ለእኛ ግን ገጹ ላይ ቀዳዳ ተወልን፣ ከቀዳዳው ጀርባ ያለው ታሪክም አብሮ ሄዷል። ቴምብሩ የተቆረጠበት እትም ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋው በጣም ይወርዳል። ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ "ቴምብሩ አለ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ፎቶውንም ጠይቁ።

የጥገና ማጭበርበርም አለ። ነጭ ጭረቱን በማርከር የሚያጠቁር ሰው አለ። ሽፋኑን ገልጣችሁ ከውስጥ በኩል ስታዩት ቀለሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከሆነ ነቃችሁበት። የተጎዳውን ጠርዝ በምላጭ አስተካክሎ የሚቆርጥም አለ። ለዚህ መድኃኒቱ ማስመሪያ ነው፦ የዘመኑ ኮሚክ ስፋቱ ወደ 17 ሴንቲ፣ ቁመቱ ወደ 26 ሴንቲ ነው። ከዚያ በግልጽ ካነሰ፣ ጠርዙም ከመጠን በላይ ስል ከሆነ፣ ተዉት።

የደረጃ አሰጣጡ ከ0.5 እስከ 10 ነው። አንባቢ ለሆነ ሰብሳቢ ከ5 እስከ 8 ያለው ምርጥ ቦታ ነው፦ ያምራል፣ ይገለጣል፣ አያስፈራም። ከ2000 ጀምሮ ሲጂሲ የሚባል ድርጅት ኮሚኮችን መርምሮ ቁጥር ሰጥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጋል። ለውድ እትም ጥሩ ዋስትና ነው። ለተራ እትም ግን የማሸጊያው ክፍያ ከኮሚኩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ደግሞም አሽጋችሁት ማን ያነበዋል?

የት፣ እንዴት መግዛት

ኢቤይ ላይ ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ እንደ ገበያ ዋጋ አትውሰዱ። ሰው ሺህ ዶላር ብሎ መለጠፍ ይችላል፣ ማን ይከለክለዋል። ማጣሪያው ላይ የተሸጡትን ብቻ አሳየኝ የሚለውን ምረጡና ሰው በእውነት የከፈለውን እዩ። ተመሳሳይ ደረጃ ያላቸውን አምስት ስድስት ሽያጮች ካያችሁ ዋጋው ይገባችኋል። ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ የሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱን እትም ሽፋን፣ ቀንና ሠዓሊ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ተራ እትሞችን ግን ኮሚክ ሱቅ ገብቶ ከሳጥን መልቀም ይሻላል። ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ ወገኖች እድለኛ ናችሁ፣ በየዓመቱ የባልቲሞር ኮሚክ-ኮን አለ፣ የድሮ ኮሚክ ነጋዴዎች በብዛት ይመጣሉ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ነጋዴው ያን ሁሉ ሳጥን ተሸክሞ መመለስ አይፈልግም። አሥር አሥራ አምስት እትም ሰብስባችሁ "ሁሉንም ስንት ታደርግልኛለህ?" በሉት። መከራከር ነውር አይደለም፣ መርካቶ የገበያ ልምድ ያለው ሰው እዚያ አይቸገርም።

አዲስ አበባ ያላችሁ በፖስታ ከምታስመጡ ከሚመጣ ሰው ጋር መላኩ ይቀላል። ግን ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬና ከጫማ ጋር እንዳይሆን አደራ። ከኮሚኩ በሁሉም በኩል ጣት ያህል የሚሰፉ ሁለት ካርቶኖች መሃል አድርጎ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አስሮ፣ በእጅ ሻንጣ። ፕላስተሩ ኮሚኩ ያለበትን ላስቲክ እንዳይነካ ይጠንቀቅ፣ ሲወጣ ተጣብቆ ሽፋኑን ይልጠዋል።

አቀማመጥ

እያንዳንዱ እትም የራሱ ላስቲክና ከኋላው የሚደግፈው አሲድ የሌለው ነጭ ካርቶን ያስፈልገዋል። ላስቲኩን ስትገዙ ለድሮ ኮሚክ የሚሆነውን ሰፊውን መጠን ጠይቁ፣ የዛሬ ኮሚክ ጠባብ ስለሆነ የሱ ላስቲክ የድሮውን ጠርዝ ያጣጥፋል። ተራው ላስቲክ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። ማይላር የሚባለው ውድ ነው ግን ይቆያል፣ ለምትሳሱላቸው እትሞች ብቻ ግዙት።

ከዚያ አቁማችሁ በሳጥን ደርድሩ። ሳይጠባቸው፣ ግን ሳይንጋደዱም። ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅ፣ ጨለማ ቦታ። ምድር ቤት አይሆንም፣ ጣሪያ ስርም አይሆንም። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ሳጥኑን ከወለሉና ከውጪው ግድግዳ አርቁ። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ደግሞ መኪና ውስጥ ለአንድ ከሰዓት እንኳን አትተዉት። ሽፋኑን ግድግዳ ላይ መስቀል ከፈለጋችሁ ርካሽ ቅጂ ስቀሉ፣ ፀሐይ ቀዩን ቀለም ትበላዋለች።

ልዩ የሚባሉት

መሠረቱን ከያዛችሁ በኋላ ዓይናችሁ ወደ ሽፋኑ የላይኛው ጥግ፣ ወደ ዋጋው ይሂድ። በ1976 ማርቭል ዋጋ ከ25 ወደ 30 ሳንቲም ሊጨምር ሲያስብ በጥቂት ከተሞች ብቻ ሞከረው። ከ39 እስከ 43 ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው 25 ሳንቲም ነው የሚሉት፣ 30 የሚል ካገኛችሁ ብርቅ ነው። በ1977 ደግሞ ከ53 እስከ 57 ባሉት ላይ በ35 ሳንቲም ሞከሩ። ግን ተጠንቀቁ፦ ቁጥር 44 ላይ 30 ሳንቲም፣ ቁጥር 58 ላይ 35 ሳንቲም መባሉ ተራ ነገር ነው፣ ያኔ ዋጋው ለሁሉም ጨምሮ ነበር። ይሄን ልዩነት የማያውቅ ሻጭ ብርቁን በተራ ዋጋ ሳጥን ውስጥ ይተወዋል፣ የሚያውቀው ግን የማያውቅ ገዢ ይጠብቃል።

በሳንቲም ፋንታ የእንግሊዝ ፔንስ የታተመበት ካገኛችሁ በኋላ እንደገና የታተመ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የታተመ ለብሪታንያ የተላከ ኦሪጅናል ነው። ለንደን ያላችሁ ብዙ ታገኛላችሁ። መሃሉ ላይ የጌጣጌጥ ማስታወቂያ በጠንካራ ወረቀት የተሰፋበትም አለ፣ እነዚያ በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች አካባቢ የተሸጡ ናቸው።

ከዋናው መጽሔት ጎን ደግሞ ዘ ዴድሊ ሃንድስ ኦፍ ኩንግ ፉ የሚባል ጥቁርና ነጭ ትልቅ መጽሔት አለ፣ ከኤፕሪል 1974 እስከ ፌብሩዋሪ 1977፣ 33 ቁጥር። ሽፋኖቹ በቀለም የተቀቡ ሥዕሎች ናቸው፣ የቁጥር 1ን ሽፋን ኒል አዳምስ ነው የሠራው። ውስጡ ከኮሚኩ ሌላ ስለ ብሩስ ሊና ስለ ፊልሞች ጽሑፍ አለው። ቁጥር 19 ዋይት ታይገር የሚባለው ጀግና የመጣበት ስለሆነ ይወደዳል። የመጽሔት መጠን ላስቲክ ግዙለት። ሌላው የማርቭል የኩንግ ፉ ጀግና አይረን ፊስትም ጥሩ ነው ግን እሱ የራሱ ዓለም ነው፣ የእሱ ኮሚክ ቁጥር 14 ሴበርቱዝ የሚባለው የኤክስ-ሜን ጀግኖች ጠላት መጀመሪያ የታየበት ስለሆነ በኩንግ ፉ ወዳጆች ሳይሆን በኤክስ-ሜን ወዳጆች ዋጋው ተሰቅሏል።

ቁጥር 15

አሁን ወደ ውዱ። ማርቭል በ2018 መጨረሻ የሻንግ-ቺን ፊልም እያሰበ መሆኑ ሲወራ የስፔሻል ማርቭል ኤዲሽን ቁጥር 15 ዋጋ ተተኮሰ። ፊልሙ በሴፕቴምበር 2021 እስኪወጣ ወጣ፣ ከዚያ ወረደ። የፊልም ወሬ ሁሌም እንዲህ ነው። አዲስ ፊልም መጣ በተባለ ሳምንት አትግዙ፣ ወሬው ሲበርድ ግዙ።

ስትፈልጉት በመጽሔቱ ስም እንጂ በሻንግ-ቺ ብቻ አትፈልጉ፣ አንዳንድ ሱቅ "Special" በሚለው ስር ከተለያዩ እትሞች ጋር ነው የሚያስቀምጠው። ሽፋኑ ላይ 20 ሳንቲም ይላል። ከ8 በላይ ላለው ደረጃ የታሸገውን ግዙ፣ ማጭበርበር የሚያዋጣው ዋጋው ከፍ ባለበት ነው። ለማንበብ ከሆነ ግን 3 ወይም 4 ደረጃ ያለው፣ ገጹ የተሟላ፣ ሽፋኑ ያልተላቀቀ ቅጂ በቂ ነው። ዋጋው ከባድ ከሆነባችሁ ቁጥር 17ን ያዙ። የኮሚኩ ስም መጀመሪያ ሽፋን ላይ እንደ መጽሔት ስም የወጣበት እሱ ነው፣ ስታርሊን የሳለው ነው፣ ዋጋውም ከ15 ጋር አይወዳደርም።